የማዶ ባሕር ኃይል ረዳት

ባለቤቴ ተሳቢ መኪና ይነዳ ነበር፤ ከናዝሬት ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ ናዝሬት። ዓይኑ ሲደክም ልጆቻችን ቁልፉን ወሰዱበት። ከዚያ ወዲህ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የሚያልፈውን መኪና በድምፁ ይለያል። አብሮት የሚቀመጠው የድሮ ረዳቱ ነው። የመቂ ሰው ነው፤ ጸጉሩ ከባለቤቴ ጸጉር ይልቅ ነጥቷል። ባለቤቴ ግን ዛሬም «አንተ ልጅ» ይለዋል፤ እሱም «ጋሼ» ይለዋል። ዕድሜውን ሙሉ ከጎኑ ሲጓዝ ኖሮ አንድም ቀን መሪ አልያዘም። መንጃ ፈቃድ ላውጣ ባለ ቁጥር ባለቤቴ «ከዚህ ጉዞ በኋላ» ይለው ነበር።

አንድ ቀን ቴሌቪዥኑ ስለ ባሕር ሰርጓጅ መርከብ አሳየ። ሁለቱም እስከ መጨረሻው አዩት። በማግስቱ ዳማቸውን ትተው አገር ፈጠሩ፤ ስሟንም ማዶ አሏት። ባሕሯን በረንዳው ሲሚንቶ ላይ በጠመኔ አሰመሩና ሰርጓጆቿን በየመደቡ ለዩ። ትልቁ ተሳቢ መደብ ነው፤ ከኋላው ሌላ ሰርጓጅ ስለሚጎትት ለመዞር ሰፊ ባሕር ይፈልጋል። እሱ የጀሪካን ክዳን ነበር። ቦቴ መደብ ለሌሎቹ ነዳጅ ያመላልሳል፤ ውስጡ ሲጋራ አይጨስም። እሱ የውኃ ፕላስቲክ ክዳን ነበር። ባጃጅ መደብ ሦስት ሰው ይይዛል፤ በየጠባቡ ይገባል፣ ሕግ አያከብርም። እሱ የለስላሳ ቆርኪ ነበር።

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ስለ ባሕርም የማውቀው የለም። ያየሁት ውኃ ቢኖር መተሐራ ላይ አስፋልቱን የዋጠው በሰቃ ሐይቅ ነው። ስለዚህ አጠገባቸው ሽንኩርት እየላጥኩ ዝም ብዬ እሰማቸው ነበር።

ባለቤቴ የሰርጓጆቹ ሁሉ አዛዥ ነበር። አንድ ጠዋት የጀሪካኑን ክዳን ገፍቶ ጠመኔው ጠርዝ ላይ አቆመው።

«ቁልቁለት ነው» አለ። «ውረድና ታኮ አድርግ።»

ረዳቱ ጠጠር አንስቶ ከክዳኑ ፊት አስደገፈ፤ ጎማ ሥር ድንጋይ እንደሚያስደግፍ።

«የት ነው የሚወርደው?» አልኩ።

«ውጭ ነዋ።»

«ውጭው ባሕር አይደለም?»

«እሱስ ረዳት አይደለም?»

ረዳቱ ሳቀ። «እትዬ፣ ይተዉት። ዋና እችላለሁ።»

«አልተውም። በዝናብ አወረደህ፣ በአፋር በረሃ አወረደህ። አሁን ደግሞ ባሕር ውስጥ ያውርድህ? አንድ ሰርጓጅ ስጠው፣ አንተ ሰውዬ።»

«ባጃጁን ይውሰድ።»

«እኔ ተሳቢውን ነው የምፈልገው» አለ ረዳቱ። ሳቁን ትቶ ነበር።

ባለቤቴ ወደ ባሕሩ አጎነበሰ። «ከዚህ ዘመቻ በኋላ» አለ።

ረዳቱ ጠጠሩን አንስቶ ወደ ግቢው ወረወረና ሄደ። በማግስቱ አልመጣም። በሳምንቱም አልመጣም። ባለቤቴ ብቻውን ሊጫወት ሞከረ፤ ነፋሱ ቆርኪዎቹን እየጠረገ ደረጃው ሥር ጣላቸው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ነይ ረዳት ሁኚ» አለኝ።

«ባሕር ውስጥ አልወርድም።»

«እንግዲያው ሂጂና ጥሪው።»

«የሄደብህ ሰው ያንተ ነው፤ እግርም አለህ።»

ሁለት ቀን አኮረፈኝ። በሦስተኛው ቀን ዱላውን ያዘና የጀሪካኑን ክዳን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ረዳቱ ከመናኸሪያው ጀርባ ቤት ተከራይቶ ይኖራል። ባለቤቴ አጥር አጥሩን እየዳሰሰ ሲሄድ ከበር ሆኜ አየሁት፤ አልተከተልኩትም። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ሁለቱም አልነገሩኝም።

ረዳቱ በማግስቱ መጣ። በኦሮምኛ «አካም ቡልተን፣ እትዬ» ብሎ ደህና ማደሬን ጠይቆኝ ቦታው ላይ ተቀመጠ። ክዳኑ በእሱ እጅ ነበር። በሸሚዙ ጫፍ ወለወለው፤ ከዚያ በጣም ቀስ እያለ፣ በየመታጠፊያው ኋላውን እያየ፣ የማዶን ባሕር ዳር እስከ ዳር ነዳው። ባለቤቴ ዓይኑን አጥብቦ ይከታተለው ነበር፤ ፍጥነት ጨምር ሊል ሁለቴ አፉን ከፍቶ ዘጋው።

ረዳቱ ባሕሩ መሐል ሲደርስ አቆመ። ባለቤቴ ወለሉን ዳስሶ ጠጠር አነሳ።

«ታኮ ላድርግ?» አለ።

«አያስፈልግም፣ ጋሼ» አለ ረዳቱ። «ሜዳ ላይ ነው ያቆምኩት።»