ዘይት የሚባለው ሁሉ

ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የከተማው የመጨረሻ ቤቶች ከማሽላው እርሻ ጋር በሚገናኙበት ቦታ፣ የሰላሁዲን ጋራዥ ይገኛል። ባለቤቱ ቃል አያበዛም። ከጎሊና ወንዝ አሸዋ የሚያመላልሱ የገልባጭ መኪና ሾፌሮች የብልሽቱን ታሪክ ከሥሩ ሲተርኩለት፣ እሱ ጆሮውን የሚሰጠው ለሞተሩ ነው። መልሱም ከሁለት ቃል አያልፍም፦ «ጎማው አልቋል»፤ «ዘይት ጎድሎታል»። ሾፌሮቹ ይህን ቁጥብነት የሙያ ብቃት ምልክት አድርገው ያወድሱታል። እሱም በጊዜ ብዛት እንደዚያው አምኖ ነበር።

የተወለደው ጎብዬ ነው። በወጣትነቱ ታላቅ ወንድሙን ተከትሎ አሰብ ሄደና በወደቡ የጥገና ክፍል ተቀጠረ፤ የጀልባ ሞተር መፍታትና መግጠም የተማረውም እዚያ ነው። ኋላ የአሰብ ኑሮ ሲያበቃ፣ በአፋር በረሃ በጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ ወደ አገሩ ተመለሰ። ባሕር በሌለበት ቆላ ሙያውን ወደ ትራክተርና ወደ ገልባጭ አዞረው። ዘይት በግፊት ብረት የሚያነሳበት ሕግ በባሕርም በየብስም አንድ ነውና አልተቸገረም።

የእህቱ ልጅ ሙንተሲር ቆቦ ውስጥ ባጃጅ ይነዳ ነበር። ባጃጁን በጦርነቱ ጊዜ ካጣ በኋላ ወደ ደሴ አቅጣጫ ሄደ፤ እዚያም በሐይቅ ላይ ሰው የሚያሻግር አንድ ማኅበር ጀልባ ነጂ አድርጎ ለሙከራ ቀጠረው። ከጀልባው ጀርባ የተንጠለጠለው ሞተር ውሃው ጥልቅ ሲሆን ይወርዳል፤ ዳር ሲደርስ ወይም ሣር ሲጠመጠምበት ነጂው አዝራር ተጭኖ ወደ ላይ ያነሳዋል። የሚያነሳው በዘይት ግፊት የሚሠራ አጭር የብረት ክንድ ነው። ክረምቱ ሲያልቅ ይህ ክንድ ሞተሩን እስከ ግማሽ ብቻ እያነሳ መቆም ጀመረ። ሙንተሲር ወደ አጎቱ ደወለ። ሰላሁዲን በገልባጭ ሥር ተጋድሞ ስልኩን አነሳና «ዘይት ጎድሎታል፤ ጨምርበት» ብሎ ዘጋው።

ሙንተሲር ጨመረ፤ ሞተሩም ተነሳ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ነገሩ ከቀድሞው ባሰ፤ የተነሳው ሞተር በገዛ ራሱ ቁልቁል ይንሸራተት ጀመር። የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ይርጋ ሞተሩን አስፈትተው አይሱዙ ላይ አስጫኑና ለሙንተሲር ቁርጡን ነገሩት፦ አሠርቶ ከመጣ በነጂነቱ ይጸናል፤ ካልሆነ ጀልባው ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ሙንተሲር ሞተሩን ቆቦ ሲያደርሰው ሰላሁዲን በብረት ማቆሚያ ላይ አስሮ፣ ባትሪ አገናኝቶ፣ ምርመራውን በሥርዓት ጀመረ። አዝራሩን ሲጫነው የፓምፑ ድምፅ ጥርት ብሎ ተሰማ፤ ስለዚህ ኤሌክትሪኩ ደኅና ነው። ሞተሩን በእጅ ለማውረድ የሚፈታውን ብሎን አየው፤ ጠብቋል። ሞተሩ እስከ ላይ ተነሳ። ሁለቱም ቆመው ሲያዩት ቀስ እያለ ተመልሶ ወረደ።

«አየኸው አጎቴ? የሥራ ሰዓቱ ያለቀበት ዘበኛ ይመስላል» አለ ሙንተሲር፣ ሊያስቀው ፈልጎ።

ሰላሁዲን አልሳቀም። የዘይቱን ክዳን ከፍቶ ጣቱን ነከረና አሸተተው። ብርጭቆ ውሃ አምጥቶ ጥቂት ጠብታ ጣለበት። ዘይት ቢሆን ኖሮ ይንሳፈፍ ነበር፤ ይህ ግን ከውሃው ጋር ተዋሐደ።

«ምንድን ነው የጨመርህበት?»

«ዘይት ነዋ! ጨምር አላልከኝም?»

«የምን ዘይት?»

«የፍሬን። ባጃጅ ላይ የሚገፋው ዘይት እሱ አይደል? ደግሞ ያልተከፈተ፣ እሽግ ነው የገዛሁት።»

የፍሬን ዘይት በስሙ እንጂ በባሕርዩ ዘይት አይደለም። ለእሱ ያልተሠራ የጎማ ቀለበት ሲነካ ቀለበቱን ያሳብጠዋል፣ ያለሰልሰዋል፣ በመጨረሻም ይበላዋል። አማርኛችን ለወጡም፣ ለሞተሩም፣ ለፍሬኑም፣ ለገልባጩ ክንድም ይህንኑ አንድ ቃል ሰጥቷል። ስለዚህ ቃሉን የሚናገር ባለሙያ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ የመግለጽ ግዴታ አለበት። ሰላሁዲን ያን ግዴታ አልተወጣም፤ ብርጭቆውን ይዞ ሲቆም ይህ ገብቶት ነበር።

በክንዱ ውስጥ ያለውን አፍስሶ፣ ክንዱን ደጋግሞ አጠበና ትክክለኛውን ዘይት ሞላበት። አዝራሩን ሲጫነው ሞተሩ ተነስቶ በቦታው ጸና።

ሙንተሲር እጁን አጨበጨበ። «አልሐምዱሊላህ! አለቀ። ማታውኑ አስጭኜው ልሂድ።»

«አላለቀም። ውስጡ ያለው ጎሚኒ፣ ዘይቱን የሚያግደው የጎማ ቀለበት፣ ተበልቷል። ዛሬ ይይዛል፤ ነገ ይለቃል። እዚህም ወልዲያም አይገኝም፣ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው።»

«ዛሬ ከያዘ ይበቃኛል። እኔ ሥራዬን ልያዝ፤ ጎሚኒው ሲመጣ በዝምታ እንቀይረዋለን። ማን ያውቃል?»

«ሣር ሲይዘው ከተነሳው ሞተር ሥር ገብቶ የሚያጸዳው ማን ነው?»

የሰላሁዲን ስልክ ጮኸ። አቶ ይርጋ ነበሩ፤ ድምፃቸው ጋራዡን ሞላው።

«እንደምን ዋሉ ሰላሁዲን? ሞተራችን እንዴት ሆነ?»

ሙንተሲር «ተሠራ በላቸው» እያለ በከንፈሩ ብቻ ለመነው።

«ተነስቶ ቆሟል፤ ግን አልተሠራም» አለ ሰላሁዲን። «የፍሬን ዘይት ገብቶበት ጎሚኒውን በልቶታል።»

«የፍሬን ዘይት! ጀልባውን ባጃጅ አደረገው እንዴ ይሄ ልጅ? ማን ጨምር አለው?»

«እኔ ነኝ። ዘይት ጨምር አልኩት፤ የትኛውን እንደሆነ አልነገርኩትም። ጥፋቱ ከኔ ይጀምራል።»

«እውነቱን ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። ግን ሰው የሚጭን ጀልባ ነው፤ እሱም መጠየቅ ነበረበት። ያሉኝን ለኮሚቴው አቀርባለሁ። እስከዚያው የጀልባውን ቁልፍ መጥቶ ያስረክብ።»

ስልኩ ተዘጋ። ሙንተሲር ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

«አንድ ቃል ነበር የለመንኩህ አጎቴ። ሾፌሮቹ ቃል አያበዛም ሲሉህ ሰምቼ ነበር፤ ዛሬ አበዛህ።»

ሰላሁዲን ሞተሩን አውርዶ ክንዱን ይፈታ ጀመር። ሙንተሲር ለመሄድ ቦርሳውን አነሳ፤ ሆኖም ብረቱ አልላቀቅ ብሎ አጎቱ ሲታገል አይቶ ተመለሰና ሌላውን ጫፍ ያዘለት። ቀለበቱ ከውስጡ ሲወጣ አብጦ ቅርጹን አጥቶ ነበር። ሰላሁዲን በእህቱ ልጅ መዳፍ ላይ አኖረው። ሙንተሲር በጣቱ ቢጫነው እንደ ሊጥ ተጨፈለቀ።

«ይህ ስንት ቀን ይይዝ ነበር?»

«አላውቅም።»

«አንድ ሳምንት?»

«አላውቅም አልኩህ።»

ሙንተሲር ቀለበቱን በፌስታል ጠቅልሎ ከደረት ኪሱ ከተተና ለኮሚቴው ሊያሳየው ወደ ወልዲያ የሚሄድ ሚኒባስ ፍለጋ ወጣ።