የሕፃኑን እንቅልፍ የነሳው

ስፌተኛዋ ከወሊድ ፈቃድ ወደ ፋብሪካው ስትመለስ ልጇ ገና ሦስት ወር አልሞላውም ነበር። ቀን ቀን የሚይዙላት አማቷ ናቸው። በሁለተኛው ሳምንት የሕፃኑ ነገር ተለወጠ፤ ዓይኑን አፍጥጦ ይውላል፣ በትንሽ ኮሽታ ይባንናል፣ ሲያለቅስ እጆቹ ይንቀጠቀጣሉ።

"ምን አግኝቶት ነው፣ እማዬ?" አለች ከሥራ እንደገባች።

"እኔን ትጠይቂኛለሽ? አልበሽ ካስቀመጥሽው ወተት በቀር ምንም በአፉ አልዞረም።"

መልሱ አልተዋጠላትም። አማቷ ሰባት ልጅ ያሳደጉ፣ ከሐኪም ይልቅ የራሳቸውን እጅ የሚያምኑ ሴት ናቸው። ሻይ በስኳር አቅምሰውት ይሆን? ወይስ ለሆዱ ብለው አንዳች ቅጠል? ጓዳ ገብታ ጡጦውን ከፍታ አሸተተች። ወተት ወተት ይላል። ማንኪያዎቹን ሳይቀር አገላብጣ አየች። አንድ ቀንም ራስ ምታት አመካኝታ ከምሳ በፊት ቤት ደረሰችና ሳታንኳኳ በሩን ገፍታ ገባች። አማቷ ልጁን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ሌላ ምንም የለም።

"ቢሆንም" አለች በሆዷ።

ቅዳሜ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። አማቷም ካልሄድኩ ብለው ተከተሏት። ነርሷ ሕፃኑን መዘነች፣ ትኩሳቱን ለካች፣ ደረቱን አዳመጠች። ደህና ነው። ከዚያ ወደ እናትየዋ ዞር አለች።

"አንቺስ ምን ትጠጫለሽ?"

"ያው ሰው የሚጠጣውን።"

"ቡና?"

"ጠዋት ሁለት ስኒ፣ ከምሳ በኋላ አንድ።"

"ሌላስ?"

"ኢነርጂ ድሪንክ... ማሽኑ ላይ እንቅልፍ ሲጥለኝ። በቀን ሁለት ጣሳ። አንዳንዴ ሦስት።"

"እሱም እንደ ቡናው ካፌይን አለው" አለች ነርሷ። "ወደ ወተትሽ ያልፋል። እንዲህ ያለ ትንሽ ልጅ ደግሞ ቶሎ አያስወጣውም፤ ይጠራቀምበታል። ኢነርጂውን ተይው፣ ቡናውን አንድ ስኒ አድርጊው። በሁለት ሳምንት ካልተሻለው ተመለሺ፤ ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ይችላል።"

ፊቷ በሐፍረት ጋለ። አማቷን ቀና ብላ ማየት አቃታት።

መንገድ ላይ አማቷ ቀስ ብለው፣ "ጡጦውን ስታሸቺ አይቼሻለሁ" አሏት።

"እማዬ፣ ይቅር..."

"ተይ እባክሽ፣ እኔስ ቦርሳሽን በርብሬ የለም? ባዶ ጣሳዎቹን ሳይ ቢራ መስሎኝ፣ ለልጄ ምን ብዬ እንደምነግረው ሳሰላስል ነው የሰነበትኩት!"

ሁለቱም ሳያስቡት ሳቃቸው አመለጣቸው።

ኢነርጂውን በዚያው ተወችው። ሦስት ቀን ራስ ምታቱ ጭንቅላቷን ለሁለት ሊከፍለው ደረሰ፤ እንቅልፍ እንዳይጥላት አለቃዋን ለምና ቆመው ወደሚሠሩበት፣ የልብስ ቁልፍ ወደሚተከልበት ክፍል ተዛወረች። በሁለተኛው እሑድ ሕፃኑ ከቀትር በኋላ ሁለት ሰዓት ሙሉ ለጥ ብሎ ተኛ። አላመነችም። ጎንበስ ብላ ትንፋሹን አዳመጠች።

"ተይው፣ ተኝቷል" አሉ አማቷ ከኋላዋ። ጥቂት ቆይተው ግን እሳቸውም ጎንበስ አሉ።