በደረቁ የተደበደበው ቱታ

ወርቅውሃ በስደት በምትኖርበት ከተማ፣ ሳጃና በሚባለው ሰፈር በተከራየችው ቤት ደጃፍ ተቀምጣ ጠዋት ጠዋት የሰው ልብስ ታጥባለች። እያንዳንዱን ልብስ ሳፋው ውስጥ ከመንከሯ በፊት ደጋግማ ታራግፈዋለች። ልማዱ የመጣው ከባሏ ቱታ ነው።

ተስፋጽዮን አገር ቤት መምህር ነበር። ከተሰደደ በኋላ ከወንዙ ማዶ ባሕሪ በሚባለው ሰፈር በሚገኝ የጣሪያ ክዳን ፋብሪካ ውስጥ አስቤስቶስ የተባለውን ቃጫማ ማዕድን ከሲሚንቶ ጋር ሲያቦካ አሥራ አራት ዓመት ኖረ። ቱታው ከነአቧራው ከራሰ ሲሚንቶው ይይዝና ጨርቁ እንደ ቆርቆሮ ይደርቃል። ስለዚህ የሠራተኞቹ ሚስቶች ቱታውን በደረቁ ከግድግዳ ጋር ይደበድቡት ነበር። ወርቅውሃ በዚህ ሙያዋ ትመሰገን ነበር፤ የተስፋጽዮንን ቱታ ያህል ለስላሳ የሆነ ሌላ ቱታ አልነበረም።

ይህ ከሆነ ሠላሳ አምስት ዓመት አልፏል። አምና ትንፋሽ አጠራት። ሐኪሟ ሰልሰቢል ሳንባዋ ዙሪያ የተጠራቀመውን ውሃ ከጎኗ በመርፌ ቀዳችና ናሙና ወሰደች።

«ኻልቲ፣» አለቻት በዐረብኛ አክስቴ ለማለት፤ «አስቤስቶስ ፋብሪካ ሠርተሽ ታውቂያለሽ?»

«እኔ? በሩንም አላውቀው። ባሌ ነው።»

«ልብሱን ማን ያጥብለት ነበር?»

ወርቅውሃ ወደ ራሷ ጠቆመች። ሰልሰቢል እያቀለለች አስረዳቻት፦ የአስቤስቶሱ ቃጫ ከፀጉር ይቀጥናል፤ ከትንፋሽ ጋር ገብቶ የሳንባውን ሽፋን ይወጋል፤ ሰውነት አያሟሟውም። ሠላሳ፣ አርባ ዓመት እዚያው ከርሞ ሜሶቴሊዮማ የሚባለውን ካንሰር ያመጣል፤ ወርቅውሃን የያዛትም እሱ ነው።

ፋብሪካው የቀድሞ ሠራተኞቹን እንደሚያሳክም ሰምተው ባልና ሚስቱ ሄዱ። የመዝገቡ ኃላፊ ጂብሪል ገጾቹን ገለባበጠ።

«ሐጃ፣ ስምሽ የለም። የምናሳክመው ሠራተኛ ብቻ ነው።»

«መካ ሳልሄድ ሐጃ ካልከኝ፣ ሳልቀጠርም ሠራተኛ በለኛ።»

ጂብሪል ከልቡ ሳቀ። ቀጥሎ የምርመራ ወረቀት መዝገቡ ላይ ባገኘው በተስፋጽዮን ስም ጻፈ። ተስፋጽዮን አልፈልግም ቢልም ወርቅውሃ፣ «ሂድ እንጂ፣ አንድ ሰው እንኳ ይትረፍ» ብላ ገፋችው።

ሳንባው ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። የራጁን ፊልም ይዞ ሲመለስ ፊቷን ማየት አቃተው።

«ምን አሉህ?»

«ደህና ነህ አሉኝ።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሃል? እኔ ተቀብዬልህ ነዋ።»

ፋብሪካው ለሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ እንዲመረመር ቀጠሮ ሰጥቶታል። ወርቅውሃ እስከዚያ ቀን እንደማትቆይ ሐኪሟ ለተስፋጽዮን ነግራዋለች።