ዝናብ የጠበቁ ጉቶዎች

ለቡ ያለው የአባቴ ግቢ ከጀርባው ባሕር ዛፍ ነበረው። ጠዋት ጉም ሲወርድ ዛፎቹ ከወገባቸው በላይ ይጠፉና ሹክሹክታቸው ብቻ ይሰማል። በዚያ ድምፅ እየተኛሁ ስላደግሁ፣ መብራት ኃይል ኮንዶሚኒየም ከገባሁ በኋላ የጎረቤት ቴሌቪዥን ሲቀሰቅሰኝ የት እንዳለሁ ለጥቂት ጊዜ ይጠፋኝ ነበር።

አባቴ አርሶ አደር ነበሩ። እርሻው ቤት በቤት ሲሆን የቀረቻቸው ይህቺው የዛፍ ቁራሽ ናት። ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ስለዚህ ጥር መጨረሻ ላይ ያስቆርጡና የበልግ ዝናብ መጥቶ እስኪቀሰቅሰው ይጠብቃሉ። ውሃ ቆሞ እንዳያበሰብሰውም ጉቶውን በሰያፍ ያስመቱታል። አያቴም እንዲሁ ያደርጉ ነበር፤ በልግም ቀጠሮ አያፈርስም ነበር።

አንድ ዓመት ግን አፈረሰ። ዛፎቻችን አጠና ሆነው ተጫኑ፤ ላፍቶ አንድ ጅምር ፎቅ ዙሪያ መወጣጫ ሆነው ቆሙ። በታክሲ ሳልፍ አንገቴን አውጥቼ አያቸዋለሁ። ቅጠል የላቸውም፣ ሲሚንቶ ተረጭቶባቸዋል፤ ቢሆንም ነፋስ ሲነሳ የሚያወሩ ይመስለኝ ነበር። ለቡ ግን የካቲትም መጋቢትም ጠብ ሳይል አለፈ። ጉቶዎቹ በፀሐይ ተሰነጣጠቁ። አባቴ ቅጠልና አፈር ሲያለብሷቸው፣ የእጅ መታጠቢያ ውሃ ሳይቀር ሲያጠጧቸው ይውላሉ።

“አባዬ፣ ይኼ እኮ ሕፃን አይደለም” አልኳቸው።

“አንቺ ደግሞ ነገር ታውቂያለሽ” አሉኝ።

እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። እኔ ጋ መጥተው እንዲኖሩ ስነዘንዛቸው ከርሜ በመጨረሻ ቃል ሰጡኝ።

“ጉቶው ክረምቱን አይቶ ዝም ካለ እመጣለሁ። ካቆጠቆጠ ግን ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ።”

እንግዲህ ዝናብ እንዳይጥል ልጸልይ? ነውር ነው! ሰማዩ ሲጠራ ለእሳቸው አዝናለሁ፣ ሲጠቁር ደግሞ ለራሴ።

ክረምቱ ዘግይቶም ቢሆን ገባ። ሳስበው ሕልም ይመስለኛል፤ ጭቃው፣ ጉሙ፣ ጃንጥላ ይዘው በጉቶዎቹ መሃል እያጎነበሱ የሚሄዱት ሽማግሌ። ነሐሴ ውስጥ አንድ እሑድ ስመጣ፣ ጥቂቶቹ ሞተው ሲቀሩ በሌሎቹ ዙሪያ ብርማ ቅጠል ፈልቷል። ሽታው ሲመታኝ እንደተሸነፍኩ ገባኝ። አባቴ በሩ ላይ ሆነው ይስቃሉ። እኔም ተናደድኩና አብሬያቸው ሳቅሁ።

በዓመቱ ጥቅምት ላይ ቡቃያው ቁመቴን አልፎ ተጨናነቀ። የአባቴ ጉልበት እምቢ ስላለ ገጀራውን ለእኔ ሰጡኝ።

“ሁሉን ብትተዪ ሁሉም አርጩሜ ሆኖ ይቀራል። ከየጉቶው ሁለት ሁለት አስቀሪ። ዝቅ ብሎ የበቀለውን፣ ወፍራሙን።”

“አንድ ብቻ ቢቀር የበለጠ አይወፍርም?”

“ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ። አንዱን ነፋስ ቢጥለውስ?”

ያን ሁሉ ደረቅ ወር ችሎ የወጣ ቡቃያ መቁረጥ ከበደኝ። እሳቸው ዱካ ላይ ተቀምጠው በምርኩዛቸው እየጠቆሙ፣ እኔ እየቆረጥኩ ከሰዓት ሆነ። ስጨርስ መሬቱ ላይ ብርሃን ገባ፤ የቀሩት ቀጥ ብለው ይወዛወዛሉ። አባቴ አንድ በአንድ በዓይናቸው ቆጠሯቸው።

“ትርፍ አልጋ አለሽ?” አሉኝ።

“ለማን?”

“ለእኔ ነዋ።”

“ካቆጠቆጠ አልመጣም አላሉም እንዴ?”

“ብያለሁ። እውነቱን ልንገርሽ? ሞቶ ቢቀር ኖሮ አልመጣም ነበር። የሞተን ጥሎ አይኬድም። አሁን ግን ዝናብ እንጂ እኔ አላስፈልገውም።”

ስንት ወር የለመንኳቸው ነገር ነው። ገጀራውን መሬት ላይ ጥዬ አለቀስኩ፤ ያለ ዛፎቹ ሹክሹክታ ሲነቁ ታዩኝና እዚሁ ይቆዩ ልላቸው ምንም አልቀረኝም ነበር።