የጋሽ አንዴ የመጨረሻ ሥርጭት

ጋሽ አንዴ ጠዋት ጠዋት የማሽን ክፍሉን እንደከፈተ፣ ገና ኮቱን ሳያወልቅ፣ መዳፉን የማሰራጫው ጀርባ ላይ ያሳርፍ ነበር፤ ያተኮሰው ልጅ ግንባር እንደሚዳስስ አባት። ሙቀቱ ሲሰማው ነበር «እሺ፣ በደህና አድረሃል» ብሎ የሚቀመጠው።

ቅጽል ስሙን ያወጡለት ባልደረቦቹ ናቸው። ስለ ቴሌቪዥን መስመሩ ከጠየቁት «እኔ አንዴ ነው የምልከው!» ይላላ። ከዚህ አንድ ምስል ይወጣል፣ መንገዱ ቅርንጫፍ ሲያወጣ ብቻ ይባዛል፤ ሺህ ቤት ቢያየውም ዋናው መስመር የሚሸከመው ያንኑ አንዱን ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የለፋው ለዚህ ነው። መስመሩ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰዎች በአንድ ሰዓት አንድ ነገር እንዲያዩ።

ሰዎቹ ግን ተበተኑ። ሁሉም በገዛ ሰዓቱ፣ ሲያሻው እያቋረጠ፣ ሲያሻው እየመለሰ ማየት ጀመረ። የሚሠራበት የቴሌቪዥን ድርጅትም በየሰፈሩ ማከማቻ ሳጥን ተከለ፤ ፊልሙ እዚያው ተቀምጦ ይጠብቃል፣ የፈለገ ከደጁ ይወስዳል።

«ጋሼ፣ ስንት ተመልካች ቀረዎት?» አለችው በስብሰባ ላይ አለቃው፣ በልጁ ዕድሜ ያለች መሐንዲስ።

«አሥራ አንድ።»

«የእግር ኳስ ቡድን ነዋ!»

ስብሰባው በሳቅ ፈረሰ። እሱም አብሮ ሳቀ።

«ዜሮ የሆነ ዕለት እንነቅለዋለን» አለች ሳቋን ዋጥ አድርጋ። «እስከዚያ ማንም አይነካብዎትም።»

ቁጥሩ ወደ ሰባት፣ ከዚያ ወደ ሦስት ወረደ። አንድ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ወር አለፈ፣ ሌላም ወር፤ አሁንም አንድ።

«እኚህ ተመልካች እንቅልፍ የላቸውም እንዴ?» አለች አለቃው በስምንተኛው ወር። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፣ ለአንድ ሰው ብለን ግን ይህን ሁሉ ማሽን ስናንቀሳቅስ አንኖርም።»

ሰኞ ዕለት ጋሽ አንዴ ራሱ ነቀለው። ሌላ እጅ እንዲነካው አልፈለገም። አሁን በር አጠገብ ባለች ጠረጴዛ ተቀምጦ፣ ለየሰፈሩ የሚወጡ ሳጥኖችን እየፈረመ ያስረክባል።

ይህን ሁሉ ሲያጫውተኝ ሳቁንም መንቀሉንም ጻፊው ብሎኛል። «ይቺን ግን ተያት፣ የኔ ልጅ» ያለው አንዲት ነገር ናት። ያ አንድ ተመልካች የገዛ ሳሎኑ ቴሌቪዥን ነበር። ቁጥሩ ዜሮ እንዳይሆንበት ስምንት ወር ሙሉ አላጠፋውም። ፊቱ የሚቀመጥ ሰው እንኳ አልነበረም፤ ሚስቱም መኝታ ቤት ሆና፣ በስልኳ፣ ከሰፈሩ ሳጥን ነበር የምታየው።