ብርሃኔ ያልቀመሰችው አይብ

በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ግድም፣ የቡታጅራ መንገድ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ እየሆነ ተሳፋሪውን ከአውቶቡስ አስወርዶ በሚያስገፋበት ጊዜ፣ ከገበያው በላይ ባለው መንደር ብርሃኔ የምትባል አዲስ ሙሽራ ነበረች። የብርሃኔን አይብ ያልቀመሰ የመንደር ሰው አልነበረም፤ ከራሷ ከብርሃኔ በቀር።

አሬራውን ጥዳ አትቸኩልም። እሳቱን ታበርደዋለች፣ ጎንበስ ትላለች፣ ጆሮዋን ወደ ድስቱ ታዘነብላለች። ሌላ ሴት በምላሷ የምታውቀውን እሷ በአፍንጫዋና በጆሮዋ ታውቀው ነበር። ድስቱ ማንሾካሾክ ሲጀምር፣ ያ ነጭ ነገር እንደ መስከረም ደመና ከያለበት እየተሰባሰበ ሲመጣና አጓቱ ከሥር ጥርት ሲል፣ «በቃህ፣ ውረድ» ብላ ታወርደዋለች። ሰው የምታወርድ ነው የሚመስለው፤ እንደዚያ በቀስታ።

ሁሉም የሚወደው አይብ ለየራሱ ነው። አማቷ እማማ ወለተ ሐና ጨው እንኳ ሳይነካው ትኩሱን ከድስቱ አፍ ላይ ነው የሚወዱት። ባሏ ገብረወልድ ከክትፎ ጎን በሚጥሚጣ ቀልቶ ካልቀረበለት አይብ በላሁ አይልም። የአጥር ጎረቤታቸው ከድጄ ቆሰረትና ኮረሪማ የገባበትን በቆጮ እየጠቀለለች ስትበላ ዓይኗን ትጨፍናለች። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ዝማሙጃት ይላሉ፤ ደቆ ከተከተፈ ጎመን ጋር የተለወሰውን። ብርሃኔ ለሁሉም እንደየልቡ ታደርሳለች። ስትንጥም ገንቦውን ጭኗ ላይ አስተኝታ፣ ለራሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ታንጎራጉራለች፦

ገንቦዬ ተናጪ ጭኔ ላይ ተኝተሽ፣
ለሀገሩ ሲሳይ፣ ለእኔ ባዳ ሆነሽ።

እውነቷን ነው። በትውልድ ቀዬዋ በእንሴኖ፣ በእናቷ ቤት ገና ድክ ድክ ስትል ጀምሮ፣ አንዲት ጉንጭ ወተት ወይም አንዲት ፍርፋሪ አይብ አፏ ከገባ ከንፈሯ ንብ እንደነደፈው ያብጣል፣ አንገቷ ላይ ሽፍታ ይዘራል፣ ትንፋሿ ያጥራል። ቅቤ አናቷ ላይ ቢቀቧት ምንም አትሆንም፤ ወደ ሆዷ ከገባ ግን ጉድ ነው። ዛሬ ሐኪሞች አለርጂ ይሉታል። ያኔ ግን ነገሩ ስም አልነበረውምና ሰው ያገኘውን ስም ሰጠው። አንዱ ዓይን ነው አለ፣ ሌላው ዛር ወተት ከልክሏታል አለ። እናቷ ይህን ስትሰማ በሯን ዘጋች።

«ስሚኝ ልጄ» አለቻት፣ «ቅቤ የማትበላ ሴት በዚህ አገር ማን ያገባታል? እጅሽ ይሥራ፣ አፍሽ ይዘጋ። ለማንም እንዳትናገሪ።»

ብርሃኔም አፏን ዘግታ አደገች። በልጅነቷ የምትወደው ጾምን ነበር። ሁዳዴ ሲገባ የሰው ፊት ይጠቁራል፣ የእሷ ይፈካል። ሁሉም ሽሮና ጎመን በሚበላበት ማዕድ እሷም እንደ ሰው ቁጭ ብላ ከሰው ጋር ትጎርሳለች፤ «ለምን አትበዪም?» የሚላት የለም። ሌላው ለፋሲካ ሌሊት ሲቸኩል እሷ በልቧ «ትንሽ ቆይ» ትለው ነበር።

በግንቦት ለገብረወልድ ተዳረች። ገብረወልድ መርካቶ ሱቅ የነበረው፣ ደግ፣ ቀልድ የሚወድ ሰው ነው። እንደ አገሩ ወንዶች ሁሉ ሚስቱን ለእናቱ አደራ ብሎ፣ ለመስቀል እስኪመለስ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። የሰኔ ጾም ለብርሃኔ መሸሸጊያ ሆናት። ሐምሌ ገብቶ ጾሙ ሲፈታ ግን እማማ ወለተ ሐና በማለዳ ትኩስ አይብ በጣባ ይዘው ፊቷ ቆሙ።

«እንኪ ልጄ፣ በእጅሽ የሠራሽውን ቅመሺ።»

ብርሃኔ ደነገጠች። ከዚያ አፏ ራሱ ተናገረ፤ «ስለት አለብኝ፣ እማማ።»

«ስለት? ለማን?»

«ለእመቤታችን።»

እማማ ወለተ ሐና ጣባውን አስቀመጡና አማተቡ። ይህችን የመሰለች ምራት የሰጣቸውን አምላክ አመሰገኑ። ፍልሰታ መጣ፣ ሄደም። ስለቱ ግን አላለቀም፤ ብርሃኔ ማስረዘም እንጂ መጨረስ አላወቀችበትም።

መንደሩ ምን አለ? ቅድስት ናት አለ! በፍስክ የምትጾም ሙሽራ ማን አይቶ ያውቃል? አሮጊቶች በመንገድ ሲያገኟት «ጸልዪልኝ» ይሏታል። አንዲት እናት የሚያለቅስ ልጇን አምጥታ «በእጅሽ ዳብሽልኝ» አለቻት። ብርሃኔ ልጁን ስትዳብስ በእፍረት ላብ አጠመቃት። ልጁም ዝም አለ፤ ወሬው ይብስ ተስፋፋ።

ከድጄ ብቻ ናት ያልተዋጠላት። በዚያ አገር ሴቶች ዊጆ የሚሉት ማኅበር አላቸው፤ የየቤታቸውን ወተት በተራ ለአንዷ ያዋጣሉ፣ ባለተራዋ ንጣ ቅቤውን በማሰሮ ለበዓሏ ታጠራቅማለች። ከድጄም ለዒዷ፣ እነ ብርሃኔ ለመስቀላቸው፣ በአንድ ዊጆ ነበሩ። አንድ ቀን ድርሻዋን ይዛ መጥታ ብርሃኔን ትክ ብላ አየቻት።

«እኛ ረመዳን እንጾማለን፣ ጨረቃዋ ትወጣለች፣ እንበላለን። ያንቺ ጨረቃ የት ቀረች፣ እቴ?»

«እትዬ ከድጄ፣ ተይኝ እስቲ።»

«ወላሂ አልተውሽም! ከጾመኛ ፊት ላይ ረሃብ አውቃለሁ። ያንቺ ረሃብ አይደለም፣ ፍርሃት ነው።»

ብርሃኔ ገንቦውን አቅፋ አቀረቀረች። ከድጄም ወተቷን አስቀምጣ ሄደች፤ ነገሩን ግን በልቧ ያዘችው።

የእማማ ወለተ ሐና ልብ ደግሞ በሌላ በኩል ይጨነቅ ጀመር። «ይህች ልጅ ቅቤ ሳይነካት እንዴት ታረግዛለች? ልጄስ መጥቶ ከስታ ሲያያት፣ እናቴ አስራብሽብኝ ቢለኝ?» አሉ። ማንኛውም ክርስቲያን የሚያደርገውን አደረጉ፤ የነፍስ አባታቸውን አባ ወልደማርያምን አስጠሩ።

አባ ወልደማርያም መጡ፣ ተቀመጡ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ሁሉም በጊዜው ነው። በፍስክ ሰውነትን ማስጨነቅ ትዕቢትም ይሆናል። የስለትሽን ሸክም እኔ ወስጃለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ብዪ» አሉና በመስቀላቸው ግንባሯን ባርከው «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሏት።

ምን ትበል? አሜን አለች። አማቷ እልልታውን አቀለጡት። ብርሃኔ እንዲያ ስትፈታ እንዲያ ታሠረች፤ ያቺ አንዲት መሸሸጊያዋ በመስቀል ተባርካ ተዘጋች። አሁን ወይ መብላት ነው፣ ወይ የአማትን እጅ መናቅ። የአማቷን እጅ የናቀች ሙሽራ ደግሞ በመጣችበት መንገድ ወደ እናቷ ትመለሳለች። ገብረወልድን አስታወሰችው፤ ሲሄድ ከአውቶቡሱ መስኮት አንገቱን አውጥቶ በአቧራው ውስጥ እስኪጠፋ የሳቀላትን ሳቅ። ማጣት የማትፈልገው ያንን ነበር። እኒያን ምሽት ምሽት ፀጉሯን እየሠሩ ስለ ወጣትነታቸው የሚያወሯትን አሮጊትም ጭምር።

መስቀል ደረሰ። ገብረወልድ ለእናቱ ነጠላ፣ ለሚስቱ ጫማ ይዞ ከች አለ። ግቢው ተጠርጎ፣ ወለሉ ታድሶ፣ እንስራና ጣባው ታጥኖ የጎመን ክትፎ ቀን ሆነ። ይህ ቀን የሴቶች ቀን ነው፤ በሬ የሚወድቀው በማግስቱ ነው፣ ዛሬ ግን ዓመቱን ሙሉ የተጠራቀመው ቅቤ ይከፈታል፣ ጎመንና አይብ ይነግሣሉ። ሥጋ የለበትምና ከድጄም አለባበሷን አሳምራ መጥታለች። አባ ወልደማርያምም ሊባርኩ ተገኝተዋል።

ሁሉም በኮባ ቅጠል ላይ ቀረበ። እማማ ወለተ ሐና የማሰሮውን አፍ ከፈቱ፤ ሽታው ቤቱን ሞላው። ከጎመኑ፣ ከአይቡ፣ ከአዲሱ ቅቤ አጥቅሰው፣ ቡጢ የሚያህል ጉርሻ ጠቀለሉና ተነሡ።

«የዘንድሮ መጀመሪያ ለልጄ ናት!» አሉ። «አባታችን ፈተዋታል። አፍሽን ክፈቺ፣ የኔ ዓለም!»

የአማቷ እጅ አፏ ሥር ደርሶ ቆመ፤ ቅቤው በጣቶቻቸው መሀል ይንጠባጠባል። ብርሃኔ እጁን አየችው። ፀጉሯን የሚሠራው እጅ ነው። አፏን ከፈተች፤ ገብረወልድ ፈገግ አለ። የወጣው ግን ቃል ነበር።

«እማማ፣ ስለት የለብኝም።»

«ምን አልሽ?»

«ስለት ኖሮብኝም አያውቅም። ወተት ይጣላኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ። ይህን ብውጥ እርስዎ ፊት አብጬ፣ ትንፋሽ አጥሮኝ እወድቃለሁ። እጅዎን ጠልቼ አይደለም... እጅዎን እንዳልጠላ ነው የዋሸሁት።» እንባዋ ቀደማት።

ከጥግ አንዲት ሴት «ዛር ነው፣ ብዬ ነበር» ስትል ተሰማ። ጉርሻው አሁንም አየር ላይ ነው። ወደ ጣባ የማይመለስ ነገር ቢኖር ጉርሻ ነው፤ ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ስለዚህ ሁሉም ያንን እጅ ያያል። እማማ ወለተ ሐና ምራታቸውን ለረጅም ጊዜ አዩአት። ከዚያ ጉርሻውን ወደ ራሳቸው አፍ አዞሩና ጎረሱት። ጉንጫቸው ተወጥሮ፣ ሳይቸኩሉ፣ ሁሉም እያየ አላመጡና ዋጡ።

«ይጣፍጣል» አሉ አፋቸውን ጠርገው። «ለእኔ። ዛር ያልሽው ማነሽ አንቺ? የወንድሜን ልጅ እንቁላል እንዲህ ያደርገው የለ? እሱንም ዛር በዪው!» ወደ ጓዳ ዞረው ተጣሩ። «ቅቤ ያልነካው ጎመን አምጡልኝ፣ በኑግ ዘይት!»

አባ ወልደማርያም ግን ገና መስቀላቸውን እያገላበጡ ነበር። «ቆይ እንጂ ልጄ» አሉ በእውነት ግራ ተጋብተው፣ «ስለት ከሌለብሽ፣ እኔ ከምን ፈታሁሽ?»

«ከውሸት ነዋ፣ አባ!» አለች ከድጄ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከድጄም ሳቁ ሳይበርድ እጇን አጨብጭባ አቀነቀነችው፦

አባታችን ፈቱ ያልታሰረች ሴት፣
በጎመን፣ በአይብ፣ በመስቀል ዕለት!

አባ ወልደማርያም እንኳ ጢማቸውን ይዘው ሳቁ። ገብረወልድ ከወንዶቹ መሀል ተነሥቶ ሚስቱ ጎን ተቀመጠና በጆሮዋ «እኔን እንኳ አትነግሪኝም? መርካቶ ላይ ስለ አንቺ ቅድስና ስንቱን ሰበክኩ መሰለሽ!» አላት። በእንባዋ ውስጥ ሳቀች።

እማማ ወለተ ሐና ግን በዚያው አላለፉትም። እንግዳው ሲሸኝ ጎትተው ጓዳ አስገቧትና ተቆጧት። «ወተቱ አይደለም ያስቀየመኝ። ክረምቱን ሙሉ ራስሽን ጭኔ ላይ አድርገሽ ስሠራሽ አንድ ቀን እንኳ እማማ እንዲህ ነኝ አትዪኝም? እንደ ባዕድ ስትፈሪኝ ከረምሽ። ዳግመኛ እኔን ለማስደሰት ብትዋሺ፣ ያኔ ነው የምንጣላው!»

«ይቅርታ፣ እማማ።»

«ይቅርታ አይበላም። ላንቺ የሚበላ ነገር ነው የቸገረኝ።»

ነገሩ እውነት ቸግሯቸው ኖሯል። አገሩ ሁሉ በየልቡ የሚወደው አይብ ሲኖረው ምራታቸው ብቻ የሌላት ሆና መቅረቷን ልባቸው አልቀበል አለ። ከድጄን ይዘው ገበያ ወረዱ፣ ሱፍ ገዙ። ቀቅለው፣ ወቅጠው፣ በውኃ መትተው አጠለሉት፤ ነጭ ወተት ወጣው። ጣዱት። አረረ። እንደገና ጣዱ፤ ቀጠነ። ከድጄ ሎሚ ይጨመርበት አለች፣ እሳቸው ጤና አዳም ይሻላል አሉ፤ ሁለቱ ሴቶች ምድጃ ዙሪያ እንደ ልጅ ተነታረኩ። ብርሃኔ ልርዳችሁ ብትል ከጓዳ አባረሯት።

አንድ ከሰዓት፣ የአደይ አበባው ገና አጥር ሥር ሳለ፣ ጠርተው አስቀመጧት። በትንሽ ጣባ ላይ የተሰበሰበ ነጭ ነገር ነበር፤ እውነትም አይብ ይመስላል። እማማ ወለተ ሐና በእጃቸው ቆንጥረው ወደ አፏ ሰደዱ። ከተዳረች ወዲህ ከዚያ እጅ ያለ ፍርሃት ስትጎርስ የመጀመሪያዋ ነበር። አላመጠች። ሁለቱም ሴቶች አንገታቸውን አስግገው ይጠብቃሉ። ከንፈሯ አላበጠም። ትንፋሿም ሰላም ነው።

«እህስ?» አሉ እማማ ወለተ ሐና፣ ዓይናቸው እንደ ልጃገረድ እያበራ።

ብርሃኔ ዋጠችው። አማቷን አየች፣ ከድጄን አየች፣ ትንሽ አመነታች።

«እማማ» አለች፣ «አይጥምም። ይመራል።»

ከድጄ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እማማ ወለተ ሐና ከወገባቸው እስኪታጠፉ ሳቁ፤ ጣባውን ወደ ጎን ገፍተው የምራታቸውን ራስ ደረታቸው ላይ ወሸቁት።

«ተመስገን» አሉ ሳቃቸው እያቋረጣቸው። «አሁን ገና ልጄ ሆንሽ። ነይ በይ፣ ድስቱን አንቺው ጣጂና እንደገና እንሞክረው።»