የተቸኮለው የብር ቅብ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ የኬሚስትሪ ደብተሯን ይዛ መጣች። የኤሌክትሮላይሲስ ጥያቄ ነው፤ ኤሌክትሪኩ በእጥፍ ቢጨምር ያንኑ ያህል ብር ለመለበጥ ምን ያህል ጊዜ ይበቃል ይላል። «ግማሹ» ብላ ጽፋለች። ትክክል ናት፤ እኔን ግን አንድ የድሮ ክረምት ትዝ አለኝ።

ያኔ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመቴን ጨርሼ ለክረምቱ ሐዋሳ ገብቼ ነበር። አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር፣ ከቤታችን ፊት ለፊት፣ ጋሽ ሸምሱ የሚባሉ አንጥረኛ ነበሩ። ያረጀ ጌጥ በብር ይለብጣሉ። ጌጡንና አንድ የብር ቁራጭ ፈሳሽ ውስጥ ነክረው ኤሌክትሪክ ይለቁበታል፤ ብሩ ከቁራጩ እየተነሳ ጌጡ ላይ ያርፋል። በመጽሐፍ ያነበብኩትን በዓይኔ ማየት ደስ ስለሚለኝ ከሱቃቸው አልጠፋም ነበር።

አንድ ሐሙስ ወይዘሮ አማረች የተባሉ ሴት የሟች እናታቸውን ድሪ አመጡ። ቅዳሜ ልጃቸው አጥልቃው ልትዳር ነው። ዓርብ ግን መብራት ጠፍቶ ዋለና ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ። ቅቡ ሁለት ሰዓት ይፈልጋል፤ ሴትየዋ የሚመጡት አሥር ሰዓት ላይ ነው። ጋሽ ሸምሱ ነገ ጠዋት ይውሰዱት ሲሉ እኔ ጣልቃ ገባሁ። የሚያርፈው ብር ባለፈው ኤሌክትሪክ ልክ ስለሆነ፣ እጥፍ ካደረጉት በአንድ ሰዓት ያልቃል አልኳቸው። ትንሽ አመነቱ።

«እንግዲህ የተማርሽው አንቺ ነሽ» አሉና የኤሌክትሪኩን ማዞሪያ ወደ እጥፍ አዞሩት።

ውጭ ያካፋል፤ ከጎረቤት ምግብ ቤት የአሳ ጥብስ ይሸታል። ሰዓቴን እያየሁ በራሴ ኮራሁ። ድሪው ሲወጣ ግን ጠቁሯል፤ ጋሽ ሸምሱ በጣታቸው ሲነኩት ቅቡ እንደ ዱቄት ረገፈ።

ወይዘሮ አማረች ደርሰው ሲያዩት ዕንባቸው መጣ። ልናገር ስል ጋሽ ሸምሱ ቀደሙኝ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቸኮልኩ። ነገ በጠዋት ቤትዎ ድረስ አመጣዋለሁ» አሉ።

ያንኑ ዕለት የጠቆረውን ጠርገው በዝግታ እንደገና ለበጡት። በማግስቱ ይዘነው ስንሄድ ለምን እንዳላጋለጡኝ ጠየቅኋቸው።

«ማዞሪያውን ያዞርኩት እኔ ነኝ» አሉ።

በሩ ላይ ስንደርስ ያስቸኮልኳቸው እኔ መሆኔን ለወይዘሮ አማረች ተናገርኩ። ድሪውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው አገላብጠው አዩት፤ ከዚያ መልሰው ሰጡኝ። «ነይ ግቢ፤ ለሙሽራዋ አንቺው እሰሪላት» አሉኝ። ገብቼ አሰርኩላት።

ጋሽ ሸምሱ ካረፉ ቆዩ። ለእህቴ ልጅ መልሷ ትክክል መሆኑን ነገርኳት፤ ታሪኩንም አጫወትኳት። ሕጉ ምን ያህል ብር እንደሚያርፍ ይናገራል፤ ሲቸኮል ጌጡን ይያዝ አይያዝ ግን አይናገርም። ያንን የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ። እኔ ደግሞ እሳቸውን ሳልጠይቅ ነገርኳቸው።